ስለ ልጆች ተግሣጽ፤ አድነውና ለቅመው የሚኖሩ ሕዝቦች ለላስታ ወላጅ የሚሰጡት ትምህርት



ኢዮቤልዩ በኦሪት ሕግ ሃምሳኛው ዓመት ነው። በዚያ ዓመት ባሪያ ነጻ ይወጣ፥ የተሸጠ ርስትም ወደ ባለቤቱ ይመለስ ነበር። ስለዚህ ኢዮቤልዩን የሚያከብር ደብር ላለፈው ዘመን ከማመስገኑ ጋራ፥ በመካከሉ ገና ያልተፈታ ማን እንደ ሆነ ሊመረምር ይገባዋል። በየቤቱ ካሉት ሰዎች ሁሉ በሽምግልና የማይቀመጥ፥ ስለ ራሱም አቤት የማይል ሕፃን ነው። የዛሬውም ነገር የሚመለከተው እርሱን ነው፤ ይኸውም ልጅ ባጠፋ ጊዜ ታላላቆቹ ምን ሊያደርጉ ይገባል የሚለው ነው።

በላስታ ደጋ የልጅ ጥፋት ቀላል ነገር አይደለም። ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ እስከ ተከዜ ቈላ ድረስ ወንዱ ልጅ ገና በለጋነቱ በግና ፍየል ይጠብቃል፤ ልጅቱም ውሃ ትቀዳለች፥ ታናሿን ታዝላለች። እረኛው ጥቂት ቢያንቀላፋ፥ ወይም ከባልንጀሮቹ ጋራ በጨዋታ ቢዘናጋ ከብቱ ከሰው ገብስ ይገባል። ያ ገብስ ደግሞ የአንድ ቤተ ሰብ የዓመት እንጀራ ነው። ማታ ባለ ማሳው ከደጅ ቆሞ ሲጮኽ አባት ያፍራል፤ እፍረቱም ወደ ቍጣ ይለወጣል፤ ከዚያም ልምጭ ይቈረጣል። ሌላውም ለሁሉ የታወቀ ነው፤ ቍንጥጫ አለ፥ አለንጋ አለ፥ በበርበሬ ማጠን አለ፥ ከሁሉ የሚከፋው ርግማንም አለ። ይህን የሚያደርግ አባት ልጁን ጠልቶ አይደለም። «ያልተቀጣ ልጅ ሲቈጡት ያለቅሳል» እየተባለ ያደገ ሰው ነውና፥ ነገ ልጁ ከሰው ፊት ቆሞ እንዳያሳፍረው ፈርቶ ነው።

ነገር ግን ከአዳም ጀምሮ የሰው ልጅ ሁሉ በአለንጋ ያደገ የሚመስለው ሰው ቢኖር ታሪኩን አልመረመረም። እርሻና ከብት ርቢ ሳይታወቅ በፊት ሰው ሁሉ አውሬ በማደን፥ ሥራ ሥርና የዱር ፍሬ በመልቀም፥ ማር በመቍረጥ ይኖር ነበር። ዛሬ በዚህ ኑሮ የቀሩት ጥቂቶች ናቸው። በአገራችንም በጣና ዳር የሚኖሩት ወይጦዎች ቀድሞ ጕማሬ በማደን የታወቁ ነበሩ። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፥ በሸካና በአካባቢው ደን የሚኖሩት ጫቡዎች ደግሞ ጦር ይዘው ከውሾቻቸው ጋራ ያድናሉ፥ ማርም ይቈርጣሉ፤ አሁን ግን እርሻንም ጨምረዋል። እነዚህንና እነዚህን የሚመስሉትን ሕዝቦች ዘመናዮች «ኋላ ቀር» እያሉ ይንቋቸዋል። በልጅ አያያዝ ረገድ ግን ሊቃውንት አብረዋቸው እየኖሩ በመረመሯቸው ጊዜ የሚያስደንቅ ነገር አገኙ።

በመካከለኛው አፍሪካ ደን ውስጥ አካ የሚባሉ ሕዝቦች አሉ፤ ወንዱም ሴቱም አብረው በመረብ ያድናሉ። ባሪ ሂውሌት የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ በእነርሱ መካከል ብዙ ጊዜ ቈይቶ፥ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1991 ዓ.ም. ስለ አባቶቻቸው መጽሐፍ አሳተመ። የአካ አባት ከቀኑ ግማሽ ያህሉን ሕፃኑን ታቅፎ፥ ወይም እጁን ቢዘረጋ ከሚደርስበት ስፍራ ሆኖ ይውላል። ከወላጆቹ አንዱ ሕፃኑን ቢመታ ሌላው ወገን ፍቺ ለመጠየቅ በቂ ምክንያት አገኘ ይባላል። በላስታ ሽማግሌዎች ፊት ሚስት «ልጄን መታብኝ» ብላ ፍቺ ብትጠይቅ ምን ይሏት ይሆን? በአካ ሕዝብ ዘንድ ግን ሕፃንን መምታት ከባድ ነውር ነው።

በደቡብ አፍሪካ ወገን ባለው በካላሐሪ በረሓ የሚኖሩትን ኵንግ የሚባሉትን ሕዝቦች የመረመረች ፓትሪሺያ ድሬፐር ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ጽፋለች። ልጁ ተቈጥቶ እናቱን በያዘው ነገር ቢመታት እናቲቱ እጁን ትከላከላለች፥ ትሥቃለች፥ ከጎረቤትም ጋራ ጨዋታዋን ትቀጥላለች። ሁለት ልጆች ቢጣሉ በአጠገባቸው ያለው ታላቅ ሰው የማን አባት ነህ ሳይባል ይነሣል፤ አንዱን አንሥቶ ወደ ሌላ ስፍራ ይወስደዋል፥ ልቡንም ወደ ሌላ ጨዋታ ይመልስለታል። ይህን ለማድረግ የሚችሉት በሰፈራቸው ልጅ ከታላላቆች ዐይን የሚርቅበት ጊዜ ጥቂት ስለ ሆነ ነው። ጥፋቱ ሳያድግ ይታያል፤ ሳያድግም ይቈረጣል።

ጂን ብሪግስ የምትባል ሴት ደግሞ ከ1963 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአንድ ዓመት በላይ በሰሜን ካናዳ በበረዶ አገር፥ ዓሣ በማጥመድና አውሬ በማደን ከሚኖሩት ኢኑይቶች ጋራ በአንድ ቤት እንደ ልጅ ሆና ተቀመጠች። በዚያ አገር ቍጣ የልጅ ጠባይ ነው። ታላቅ ሰው በሕፃን ላይ ቢቈጣ ሰው ሁሉ «ይህ ገና ልብ አልገዛም» ብሎ ይታዘበዋል። እርሷ ራሷ አንድ ጊዜ ከውጭ የመጡ ሰዎች የመንደሩን ታንኳ ቢሰብሩ ስለ መንደሩ ተቈርቍራ በቍጣ ተናገረቻቸው። የመንደሩ ሰዎች ግን አላመሰገኗትም፤ ይልቁንም ለብዙ ጊዜ ራቋት። ልጅ ባጠፋ ጊዜም የኢኑይት እናት ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፤ ልቡም በተመለሰ ጊዜ በጨዋታ መልክ ጥያቄ እየጠየቀች ሥራው ምን እንዳመጣ ራሱ እንዲያስተውል ታደርገዋለች።

እንግዲህ እነዚህ ሕዝቦች ሁሉ ቅዱሳን ናቸውን? አይደሉም። ማርጆሪ ሾስታክ በ1981 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ ኒሳ የተባለች የኵንግ ሴት በልጅነቷ ስለ ምግብና ስለ ጡት መመታቷን ትናገራለች። በሰሜን ታንዛንያ በኢያሲ ሐይቅ አጠገብ የሚኖሩት ሐድዛዎችም ከኵንጎች ይልቅ ልጆቻቸውን ይላላካሉ፥ አንዳንድ ጊዜም ይመታሉ። ምክንያቱን የመረመሩ ሰዎች እንደሚሉት የሐድዛ ልጅ ከሰፈሩ ሳይርቅ ፍሬና ሥራ ሥር መልቀም ይችላል፤ የኵንግ ልጅ ግን በዚያ ምልክት በሌለው በረሓ ብቻውን ቢወጣ ይጠፋል፥ በጥምም ይሞታል። ስለዚህ ሐድዛ ልጁን ያሠራዋል፤ ኵንግ ግን ከአጠገቡ ያስቀምጠዋል። የልጁ ሥራ በበዛበት ስፍራ ቍጣውም ይጨምራል ማለት ነው።

ይህም ነገር የላስታን ወላጅ ነገር የሚገልጥ ቍልፍ ነው። ባሪ፥ ቻይልድና ባኮን የሚባሉ ሦስት ሊቃውንት በ1959 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ከመቶ በላይ የሚሆኑ ሕዝቦችን የልጅ አስተዳደግ አነጻጽረው ነበር። ከብት የሚያረቡና እህል የሚያከማቹ ሕዝቦች ልጃቸውን ከሁሉ አስቀድመው ታዛዥነትንና ኀላፊነትን ያስተምሩታል። አድነው የሚበሉት ግን ራሱን መቻልንና መድፈርን ያስተምሩታል። ነገሩም ግልጥ ነው። አዳኝ ዛሬ ቢሳሳት የሚያጣው የዛሬን ሥጋ ነው፤ ነገ ሌላ መንገድ ይሞክራል። ገበሬ ግን በጎተራ ያለውንና በማሳ የቆመውን የሚያጣው ልጁ አንዲት ሰዓት በመዘናጋቱ ነው። ከኵንጎችም ወገን አንድ ስፍራ ተቀምጠው ከብት ማርባት በጀመሩት መንደሮች የልጆች ሥራ እንደ በዛ ድሬፐር ጽፋለች።

ከዚህ እንደሚታየው የላስታ አባት አለንጋ ያነሣው ከጭካኔ የተነሣ አይደለም፤ ገብሱን ፈርቶ ነው። ፍርሀቱ እውነተኛ ነው። ጥያቄው ግን አለንጋው ገብሱን ያድናልን? የሚለው ነው። ለዚህ መልስ ለማግኘት ወደ ካላሐሪ መሄድ አያስፈልግም፤ የቤተ ክርስቲያን ስንክሳር ይበቃል።

ስንክሳር በግንቦት 11 ቀን የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ይነግራል። በአክሱም የነበረው ሕፃን ያሬድ ከዘመዱ ከመምህር ጌዴዎን ዘንድ ዳዊት ሊማር ገባ፤ ትምህርቱ ግን አልያዝለት አለ። መምህሩም መታው። ምቱ በበረታበት ጊዜ ሕፃኑ ወደ ዱር ሸሸ፥ ከዛፍም ጥላ ሥር ተቀመጠ። በዚያም ትል ዛፉን ለመውጣት ስትሞክር፥ ስትወድቅ፥ ደግሞ ስትሞክር፥ በብዙ ድካምም ስትወጣ አየ። ከዚህ በኋላ ወደ መምህሩ ተመልሶ ይቅርታ ለመነ፥ ተማረም፤ የዜማም አባት ሆነ።

ታሪኩን ልብ ብሎ ለሚሰማ ሁለት መምህራን ይታዩታል። ፊተኛው አለንጋ የያዘ ነው፤ ክፉ ሰው ግን አልነበረም፥ ልጁ እንዲያውቅለት ተጨንቆ ነው። ሁለተኛይቱ ትል ናት። እርስዋ አልመታችውም፥ አልረገመችውም፥ እንዲያውም እንደሚያያት አላወቀችም። ፊተኛው ልጁን ከቤት ወደ ዱር አወጣው፤ ሁለተኛይቱ ከዱር ወደ ቤት መለሰችው። አዳኞቹ ሕዝቦች ልጅን የሚያስተምሩበት መንገድ ይህ የትል መንገድ ነው። ሳሙኤል ጅሎ ዲራ የተባለ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ከሂውሌት ጋራ ሆኖ የጫቡ ወጣቶች የጦር አደንን እንዴት እንደሚማሩ መርምሮ ነበር። እንዲህ ያለውን ጥበብ ልጅ የሚይዘው ከሚያውቅ ሰው ጋራ ወጥቶ፥ አይቶ፥ ሞክሮና ስቶ ነው።

እንግዲህ ይህ ደብር በማኅሌት በቆመ ቍጥር የሚዘምረው፥ ተገርፎ የሸሸው ያ ሕፃን ስለ ተመለሰ ነው። ባይመለስስ ኖሮ? ከላስታ መንደሮች አለንጋ ፈርተው ሸሽተው በየከተማው የቀሩ ልጆች ሁሉ ከዛፍ ሥር ትል አላገኙም። ስንት ያሬድ በዚህ መንገድ እንደ ጠፋ የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው።

«ታዲያ መጽሐፍ በትርን አያዝምን?» የሚል ሰው አይጠፋም። ለዚህ የግእዝ ቋንቋ ራሱ መልስ አለው። ገሠጸ ማለት መከረ፥ አስተማረ፥ ከጥፋት መለሰ ማለት ነው፤ ቀሠፈ ማለት ግን ገረፈ፥ መታ ማለት ነው። ከፊተኛው ተግሣጽ ይወጣል፤ ከሁለተኛው መቅሠፍት ይወጣል። ቤተ ክርስቲያን የሰሎሞንን ምሳሌ ለሁለት ከፍላ ከ25ኛው ምዕራፍ ጀምሮ ያለውን መጽሐፈ ተግሣጽ ብላ ሰይማዋለች፤ መጽሐፈ መቅሠፍት አላለችውም። በትርም ቢሆን የማን በትር እንደ ሆነ ማየት ይገባል። የላስታ እረኛ በትሩን ይዞ በጉን ወደ ለምለሙ ይመልስበታል፥ ቀበሮውን ያባርርበታል፤ በጉን የሚሰብርበት ከሆነ ግን እረኛ አይባልም። ዳዊትም በ22ኛው መዝሙር የእረኛውን በትር የሚያነሣው ከመጽናናት ጋራ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች በላከው መልእክት በ6ኛው ምዕራፍ ልጆች እንዲታዘዙ ካዘዘ በኋላ ወዲያው ወደ አባቶች ተመልሶ ልጆቻቸውን እንዳያስቈጡ ይከለክላቸዋል።

ይህም ማለት ልጅ ይለቀቅ ማለት አይደለም። ካህኑ ዔሊ ልጆቹን በጊዜው ባለመከልከሉ ቤቱ እንደ ጠፋ በሳሙኤል መጽሐፍ ተጽፏል። አዳኞቹም ሕዝቦች ልጃቸውን አይለቁትም፤ ከዐይናቸው አያርቁትም፥ ነውሩን ይነግሩታል፥ ይሥቁበታል፥ የሥራውንም ፍሬ ያሳዩታል። አለንጋን የሚተው ሰው ከቀድሞው ይልቅ መድከም እንዳለበት ይወቅ። መምታት ለአፍታ ነው፤ መጠበቅ ግን ዕድሜ ልክ ነው።

ደግሞም የላስታ ሰው ይህን ጥበብ ከሩቅ አገር መበደር አያስፈልገውም፤ ከቤቱ አለለት። አባት ልምጭ ባነሣ ጊዜ ልጁ ወደ ማን ይሮጣል? ወደ ጎረቤት ነው። ጎረቤቲቱም «በማርያም! ስለ እመቤቴ ብለህ ተወው» ብላ በመካከል ትገባለች፤ አባትም የእመቤታችን ስም ከተጠራ በኋላ እጁን ይመልሳል። ይህ አማላጅነት ከኵንጎቹ ሰፈር ልማድ የሚለየው ዘግይቶ በመምጣቱ ብቻ ነው። የክርስትና አባትና የክርስትና እናትም የተሠሩት በጥምቀት ቀን ሕፃኑን ተቀብለው ለመታቀፍ ብቻ አይደለም፤ የእምነቱና የጠባዩም ዋሶች ናቸው። በቅኔ ቤትም ተማሪ የተሳሳተ ቅኔ ይዞ ወደ መምህሩ ቢቀርብ፥ መምህሩ ቤቱን ያቃናለታል፥ ምሥጢሩንም ያሳየዋል፤ ተማሪውም ነገ የተሻለ ይቈጥራል። ቅኔ የሚቃናበት ትዕግሥት ልጅን ለማቅናት ለምን ይጠፋል?

አዲሱም ዘመን ይህን ይጠይቃል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በ36ኛው አንቀጽ ሕፃናት በትምህርት ቤትና በሌሎች የሕፃናት ማሳደጊያዎች ውስጥ በአካላቸው ከሚፈጸም ቅጣት ነጻ እንዲሆኑ ደንግጓል። ዛሬ የላስታ ልጅ ጧት ትምህርት ቤት፥ ከትምህርት በኋላ ከብት ጥበቃ፥ ማታ ጥናት ሲል ይውላል፤ ቢያንቀላፋ የሚያስደንቅ አይደለም። ከዚህም በላይ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነት ወደ ላሊበላና ወደ ላስታ በደረሰ ጊዜ የዚህ አገር ሕፃናት የመሣሪያ ድምፅ ሰምተዋል፥ የታላላቆቻቸውንም ፍርሀት አይተዋል። ፍርሀትን በዐይኑ ላየ ልጅ ሌላ ፍርሀት መጨመር ትምህርት አይሆንም።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቤት የሚበጀው ምክር አጭር ነው። ቍጣ ባለበት ሰዓት እጅ አይነሣ፤ ነገሩ ይደር። ከብቱ የሰው ገብስ ቢበላ አባት ልጁን ይዞ ወደ ባለ ማሳው ይሂድ፤ ካሣው ሲቈጠር፥ ይቅርታው ሲጠየቅ ልጁ ቆሞ ይይ፥ በሚችለውም ሥራ ይርዳ። ይህን ያየ እረኛ ተገርፎ ካደረው ይልቅ ገብሱን ይጠብቃል፤ የተገረፈው የሚጠብቀው የአባቱን ዐይን ነውና፥ አባቱ በሌለበት ይተኛል። ጥፋቱ የተደጋገመ እንደ ሆነ የክርስትና አባቱ ይጠራ፥ የነፍስ አባቱም ይምከረው። በልጅ ላይ ርግማን ከቶ አይነገር። ፊደል የሚያስቈጥሩ የኔታዎችም አለንጋቸውን ቢያስቀምጡ ክብራቸው አይቀንስም፤ ያሬድ ወደ ጌዴዎን የተመለሰው ስለ ተመታ አይደለምና።

ቅዱስ ላሊበላ በተወለደ ጊዜ ንቦች ከበቡት ተብሎ በገድሉ ይነገራል፤ የላስታም ሰው እስከ ዛሬ ንብ ያውቃል። ማር ሊቈርጥ ወደ ቀፎ የቀረበ ሰው ጭስ ይዞ ይሄዳል፤ ነገር ግን በልክ ያደርገዋል፥ እጁንም ያለዝባል። ጭስ የበዛበት ቀፎ ባዶ ሆኖ ያድራል፤ ንቡ ተሰዷልና። ለንብ ይህን ያህል ጥንቃቄ የሚያውቅ እጅ ለልጅ አያጣውም።

በኦሪት ዘመን ኢዮቤልዩ ሲደርስ ቀንደ መለከት ይነፋ ነበር፥ የታሰረም ይፈታ ነበር። የዚህ ደብር መለከት በየቤቱ ይሰማ፤ በየግድግዳው የተሰቀለው አለንጋም ይውረድ። ልጆቹም ነገ ይህን ማኅሌት የሚቆሙት፥ ይህን ደጅ የሚሳለሙት፥ ሌላውንም ኢዮቤልዩ የሚያከብሩት እነርሱ ናቸው። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚመጡት ፈርተው ሳይሆን ወደው እንዲሆን እግዚአብሔር ይርዳ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።